ከዘሀራ ጋር በጾም የተፎካከርኩ ጊዜ

ሳል ከያዛችሁ ሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ይህን አንብባችሁ ሳትጨርሱ ተነሡና አክታችሁን አስመርምሩ። ቀሪውን ስትመለሱ ታነቡታላችሁ፤ የትም አይሄድም። እኔ የነገሩኝን ወዲያው የምሰማ ሰው ስላልሆንኩ ሦስት ወር ፈጀብኝ። መድኃኒቱን ካገኘሁ በኋላ ደግሞ፣ ለእግዚአብሔር እቀርባለሁ ብዬ፣ ከእጄ ላስመልጠው ትንሽ ነበር የቀረኝ። የምጽፈው ስለ ሁለቱም ነው።

አስካለ እባላለሁ። ከሚሴ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። ቤታችን ፊቱ ሱቅ፣ ጀርባው መኖሪያ ነው። ባለቤቴ በላይ ከከሚሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ ይነዳል፤ ጎህ ሳይቀድ ወጥቶ ማታ ይመለሳል። አንዲት ልጃችን ማርታ ደሴ ትማራለች። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ የማወራው ከስፌት መኪናዬና አንድ የጭቃ ግድግዳ ከምንጋራት ጎረቤቴ ጋር ነው። ዘሀራ ትባላለች። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ እላታለሁ። እሷ ጨርቅ ትሸጣለች፣ እኔ እሰፋለሁ። ከእሷ ጨርቅ የገዛ ሰው ሁለት እርምጃ ተራምዶ እኔ ዘንድ ይለካል። ሃያ ዓመት እንዲህ ኖረናል።

ግድግዳው ስስ ነው። ሌሊቱ ሳይነጋ ለሰላት ውዱእ ስታደርግ የማንቆርቆሪያዋ ውሃ ሲወርድ ይሰማኛል። እኔም አቡነ ዘበሰማያት ስል እሷ ትሰማለች። አንድ ቀን እንቅልፍ ካሸነፈኝ፣ «አስካሉ፣ ዛሬ ጌታሽን አላነጋገርሽውም?» ትለኛለች። አፈር ነኝ እላለሁ በልቤ፤ የኔን ጸሎት ሙስሊሟ ትቆጣጠርልኛለች።

እውነቱን ለመናገር ቁጭ ብዬ ረጅም ጸሎት ማድረስ አይሆንልኝም፤ ሐሳቤ ይበራል። የሚሆንልኝ እግሬ የመኪናው ፔዳል ላይ ሲሆን ነው። የአንድ ጅልባብ ጠርዝ ተሰፍቶ እስኪያልቅ አርባ አንዱ እግዚኦታ ይደርሳል። ከሚሴ ውስጥ ስንት እናት እግዚኦታ የተደገመበት ጅልባብ ለብሳ መስጊድ እንደምትሄድ የምናውቀው እኔና እግዚአብሔር ነን። ለዘሀራ አንድ ቀን ብነግራት፣ «ታዲያ ምን አለበት፣ ዱአ አይበዛም» አለች።

ሳሉ የጀመረኝ በመስከረም ነው። መጀመሪያ ብርድ ነው አልኩ። ከዚያ ማታ ማታ ትኩሳት፣ ሌሊት ላብ መጣ። ቀሚሴ ሰፋኝ፤ አጠበብኩት። በወሩ መልሶ ሰፋኝ፤ እንደገና አጠበብኩት። የሰው ልክ ስወስድ የኖርኩ ሴት፣ የራሴ ልክ ሲጠፋ ጨርቁ ነው የላላው ብዬ ነበር የማስበው።

አንድ የግል ክሊኒክ ሄድኩ፤ ታይፎይድ አሉኝ። መድኃኒት ጨረስኩ፤ ሳሉ አለ። ሌላ ክሊኒክ ሄድኩ፤ እሱም ታይፎይድ አለኝ፣ ጨጓራም ጨመረልኝ። ሦስተኛው ደረቴን አዳምጦ የጨርቅ አቧራ ነው፣ ስፌቱን ተዪው አለኝ። ሁለት ሳምንት ተውኩት። በሕመሙ ዘመን ከሁሉም የከፋብኝ ያ ሁለት ሳምንት ነበር። ያለ ፔዳል እግዚኦታዬ ቁጥሩ ይጠፋብኛል፤ ሃያ ላይ ደርሼ ሽንኩርት አስባለሁ። በላይ ደግሞ ሰንበቴ በምትባለው ከተማ የገበያ ቀን ከአፋር በኩል የመጣ የግመል ወተት በጀሪካን ይዞልኝ ይመጣል። ለደረት ፍቱን ነው ብለውታል። እየጠጣሁ እስላለሁ፣ እሱ በር ላይ ቆሞ መዳኔን ይጠብቃል። ደግ ሰው ነው፤ ግን ለእሱ ስል በአንድ ኩባያ መዳን ነበረብኝ።

ሌሊት ሳሉ ሲያጣድፈኝ፣ ማርታን ሳልድራት ልሞት ነው እያልኩ አለቅስ ነበር። ትራሱን አፌ ላይ እይዛለሁ፣ በላይ እንዳይነቃ። በላይ አልነቃም። የነቃችው ከግድግዳው ማዶ ያለችው ናት።

ጠዋት ሱቄን ሳልከፍት መጣች። «አካም ቡልቴ» አለች እንደ ልማዷ፣ እንዴት አደርሽ ማለቷ ነው፤ መልሴን ግን አልጠበቀችም። «ነጠላሽን ልበሺ፣ ጤና ጣቢያ እንሄዳለን።»

«ደንበኛ ቀጥሬያለሁ» አልኳት።

«ደንበኛሽ እኔ ነኝ። የአጎቴን ሳል አውቀዋለሁ አስካሉ፣ ይኼው ነው። ያኔ ዝም ብለን ቀበርነው። አንቺን ዝም አልልሽም ወላሂ።»

ጤና ጣቢያው ደጅ ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ሞልቶ ነበር። ግድግዳ ተደግፌ ስስል ከቆላ የመጡ አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ተመርኩዘው ተነሡና በእጃቸው ቦታቸውን አሳዩኝ። አማርኛ አልቻሉም። «ረቢ ሲ ሃ ፈይሱ» አሉኝ፣ ፈጣሪ ይማርሽ ሲሉ ነው። እሳቸውም ታመው የመጡ ናቸው። አሜን አልኩና ተቀመጥኩ። ስማቸውን አላውቅም፤ በጸሎቴ ግን ባለወንበሩ አባት እያልኩ እስካሁን አነሣቸዋለሁ።

አክታዬን በትንሽ ብልቃጥ ተቀበሉኝ። በማግስቱ ሲስተር ሐያት የምትባል ነርስ ወደ ውስጥ ጠራችኝ። ወጣት ናት፣ ፈገግታዋን ትቆጥባለች። «እትዬ አስካለ፣ ቲቢ ነው» አለችኝ። የሳንባ ነቀርሳ ማለት ነው። በውስጤ ስእለት መሳል ጀመርኩ። እሷ ግን ቀጠለች፦ «ይድናል። መድኃኒቱ በነፃ ነው። ስድስት ወር ነው፣ በየቀኑ ነው፣ ጠዋት በባዶ ሆድ ነው። አንድ ቀን አይዘለልም።» አራቱንም አስደገመችኝ፤ እንደ ሰንበት ተማሪ ደገምኩላት።

በላይ ተመረመረ፤ ነፃ ሆነ። እኔ ማስክ አድርጌ ብቻዬን መተኛት ጀመርኩ፣ እሱ ሱቁ ውስጥ በጨርቅ ጥቅሎቼ መሀል ተኛ። የእሱ እህት ከበር ሆና ሰላም ብላኝ መመለስ ጀመረች። ማርታን ለገና አትምጪ ስላት በስልክ አለቀሰች፣ እኔም ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። ሆድ ባሰኝ። ዘሀራ ግን የግድግዳው ጥቅሙ ምንድን ነው ብላ ጀርባውን ተደግፋ ታወራኛለች። እኔም ተደግፌ እመልሳለሁ። ሁለት ሴቶች ግድግዳ ሲያናግሩ ያየ ሰው ቢኖር አብደዋል ይል ነበር።

መድኃኒቱን በዋጥኩ በመጀመሪያው ቀን ሽንት ቤት ገብቼ ቀይ አየሁ። ደሜ አለቀ ብዬ እየጮህኩ ወጣሁ። ዘሀራ መቀሷን እንደያዘች መጣች፣ አየች፣ እሷም ጮኸች። ተያይዘን ሲስተር ሐያት ዘንድ ሮጥን። ሐያት ግንባሯን ይዛ፣ «ትናንት ነግሬዎት ነበር፤ መድኃኒቱ ሽንት ያቀላል፣ ምንም ጉዳት የለውም» አለች። ትናንት እኔ በውስጤ ስእለት እየተሳልኩ ስለነበር ምንም አልሰማሁም። ስንመለስ ዘሀራ እስከ ቤት እየሳቀች መጣች።

ሁለት ወር ጠዋት ጠዋት ጤና ጣቢያ እየሄድኩ ነርሷ ፊት ዋጥኩ። ሳሉ ጠፋ። ቀሚሴን ያጠበብኩበትን ክር ተረተርኩት። አክታዬ ንጹሕ ሆነ። ከዚያ ወዲያ መድኃኒቱን የወር የወሩን ይዤ ቤቴ እንድወስድ ተፈቀደልኝ። ማርታ መጣች፣ በላይ ወደ አልጋው ተመለሰ። መኪናዬ ላይ ተቀምጬ የመጀመሪያውን ጅልባብ ስሰፋ አርባ አንዱ ሳይዛነፍ አለቀ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

ጥፋቴም የመጣው ከዚሁ ደስታ ነው።

በዚያ ዓመት ሁዳዴና ረመዳን አንድ ላይ ገቡ። ሁለቱ ሲገጥሙ እኔና ዘሀራ የቆየ ጨዋታ አለን። እሷ፣ «የእናንተ ጾም እኮ ምሳ ማዘግየት ነው፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያልቃል» ትለኛለች። እኔም፣ «የእናንተም ማታ ሥጋ ይበላበታል» እላታለሁ። ማንም አይቀየምም። ያን ዓመት ግን ጨዋታው ልቤ ገባ። ስድስት ወር ሙሉ ቅዳሴ በቅጡ ያልቆምኩ፣ ከሞት አፍ የተመለስኩ ሰው ነኝ። ለእግዚአብሔር ምን ልስጠው? እስከ ዘጠኝ ሁሉም ይጾማል። እኔ ከዘሀራ ጋር እስከ መግሪብ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ እጾማለሁ፤ አዛን ሲል እሷ ታፈጥራለች፣ እኔም እቀምሳለሁ። ከዚያ በፊት ውሃ እንኳ ከአፌ አይገባም።

ለዘሀራ ስነግራት ጨርቅ እየለካች ነበር። «ኪኒኑስ?» አለች።

«ማታ እውጠዋለሁ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ትሟገተኝ ነበር። ያን ቀን መሬት መሬት አየችና ጨርቁን ማጠፍ ጀመረች። በጾሟ ልትበልጠኝ ስለፈለገች ነው ብዬ ተረጎምኩት። እልኸኛ ሰው ሁሉም እንደሱ ይመስለዋል።

ማታ ማታ አዛኑ ሲል ረሀቡ ስለሚያጣድፈኝ መጀመሪያ እበላለሁ። ከበላሁ በኋላ በባዶ ሆድ ነው የተባልኩት ትዝ ይለኛል፣ ወይም ያቅለሸልሸኛል። ነገ እላለሁ። አንዳንዱን ቀን ረሳሁት፣ አንዳንዱን ቀን እንደረሳሁ አደረግኩት። ልቤ ግን አብጦ ነበር፤ እንደ ዘንድሮ ለእግዚአብሔር ቀርቤ አላውቅም እል ነበር። ዘሀራ የቀትር ሰላቷን ልትሰግድ ወደ ጓዳ ስትገባ ትቆያለች። ይህች ሴት ሰላቷን አስረዘመችው ብዬ እቀናለሁ። እኔም እግዚኦታውን ወደ ሁለት ጅልባብ አሳደግኩት።

በሦስተኛው ሳምንት ሳሉ ተመለሰ። ትንሽ ነው፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩት። ቀጠሮዬ ደርሶ ሲስተር ሐያት ሚዛን ላይ አቆመችኝ። ቁጥሩን አየች፣ ካርዴን አየች፣ እኔን አየች። እሷም ጾመኛ ናት፣ ከንፈሯ ደርቋል።

«መድኃኒቱን እንዴት ነው የሚወስዱት?»

«በየቀኑ፣ ጠዋት፣ በባዶ ሆድ» አልኳት፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ። በሁዳዴ።

«ሰውነትዎ ሌላ ነው የሚለው» አለች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እትዬ አስካለ፣ መድኃኒቱ እየተቆራረጠ ሲወሰድ ተሕዋሲው ይለምደዋል። ከለመደው በኋላ ይኼ መድኃኒት አይሠራም። ሌላው ረጅም ነው፣ ከባድ ነው። ነገ የቀረዎትን ኪኒን በሙሉ ይዘውልኝ ይምጡ። እስቲ አክታም ይስጡኝ።»

አክታውን ሰጥቼ ወጣሁ። ቤቴ ገብቼ መኪናዬ ላይ ተቀመጥኩ፤ እግሬ ግን ፔዳሉን መርገጥ አቃተው። እግዚኦ ልል አፌን ከፈትኩ፤ ውሸቴ ከፊቴ ተደቅኖ አላሳልፍ አለኝ። ዘሀራ የመኪናው ድምፅ ሲጠፋባት መጣች። ሁሉንም ነገርኳት። የተዘለሉትን ኪኒኖች ከሣጥኔ አውጥቼ የመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍኩት።

በጣቷ ቆጠረቻቸው። ከዚያ የሱቁን በር ገርበብ አደረገችና ተቀመጠች።

«ከኔ ጋር ለመፎካከር ነው?»

«አዎ» አልኩ።

«አስካሉ» አለች፤ «እኔ እኮ ዘንድሮ አልጾምኩም።»

አልገባኝም።

«ስኳር አለብኝ። ከረመዳን በፊት ነው የነገሩኝ። መድኃኒቱ ከምግብ ጋር ነው፣ መጾም የለብሽም አለኝ ሐኪሙ። ሼኹም ጋ ሄድኩ፤ አላህ ለታመመ ፈቅዶልሻል፣ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ድሃ አብዪ አሉኝ። እያበላሁ ነው። ግን ገበያው ምን ይለኛል? ይህች ሴት ሳትታመም ትበላለች አይሉኝም? ቀን ቀን ጓዳ ገብቼ በልቼ፣ ኪኒኔን ውጬ፣ አፌን ጠርጌ እወጣለሁ። እስከ መግሪብ እጾማለሁ ስትዪኝ ልነግርሽ ነበር፤ አፈርኩ።»

«ያ ሁሉ ረጅም ሰላት...»

«ገንፎ ነው» አለች ዘሀራ።

መጀመሪያ የሳቅኩት እኔ ነኝ። ከዚያ እሷ። እንባችን እስኪወርድ ሳቅን፤ ሳሌ እስኪነሣ ሳቅሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሕይወቴን አስይዤ የተፎካከርኩት ግድግዳው ማዶ ገንፎ ከምትበላ ሴት ጋር ነው። ሳቁ ሲያልቅ ዘሀራ እጄን ያዘችና፣ «ለኔ ነው የጾምሽው እንጂ ለጌታሽ አይደለም» አለች። ቃሉ አመመኝ፣ እውነት ስለሆነ። ሁለታችንም ሰው ሲያየን ምን ይላል ብለን ነበር የተደበቅነው፤ የሚያየን እሱ ግን ኪኒናችን የት እንዳለ ያውቃል።

በማግስቱ ጠዋት ኪኒኑን ወስጄ ለሲስተር ሐያት እውነቱን ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር። «ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ» ብቻ አለችና በካርዴ ላይ ጻፈች። «ያጎደሉትን ቀን ሁሉ መጨረሻ ላይ እንጨምራለን። ውጤቱን ለመስማት በሦስተኛው ቀን ይምጡ።»

ከዚያ ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ። ዘሀራ ብቻሽን አትሄጂም ብላ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ሸኘችኝና ውጭ ቆመች። መምሬ ወልዴ ሰማንያ የተጠጉ፣ ጆሯቸው የደከመ ሰው ናቸው። ኃጢአቴን ጮኼ ነው የተናዘዝኩት።

«እስከ መግሪብ ጹሚ ያለሽ ማን ነው?» አሉ።

«ማንም፣ አባ። ለእግዚአብሔር ልቅረብ ብዬ ነው።»

«እሱ ራቀሽ?»

ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ።

«ልጄ፣ ታመሽ በተኛሽበት ሁሉ ከራስጌሽ ነበር። መድኃኒቱን ያስገኘልሽስ ማን ሆነና ነው? በይ ቀኖናሽን ስሚ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተነሥተሽ፣ አማትበሽ፣ መድኃኒትሽን በውሃ ዋጪ። ከሰዓቱ ፈትቼሻለሁ። ሥጋና ወተቱን ተዪ፣ ሌላውን ብይ። አንድ ቀን ከዘለልሽ መጥተሽ አርባ ትሰግጃለሽ፣ እኔ ራሴ እቆጥራለሁ።»

«ውሃው አይከብደኝም አባ? በሁዳዴ ጠዋት?»

«ይክበድሽ። እሱ ነው ጾምሽ።»

ሲሸኙኝ በሩ ላይ ዘሀራን አዩና ማን እንደሆነች ጠየቁኝ። ነገርኳቸው፤ ስኳሯንም ጭምር። ዘሀራ በነጠላዬ ጎተተችኝ፤ መምሬ ግን ሰምተዋል። «አንቺም በሰዓቱ ዋጪ» አሏት።

«ሼኹም እንዲህ ነው ያሉኝ አባ» አለች።

«እንግዲያው እኔና ሼኹ ሳንመካከር ተስማምተናል» ብለው መስቀላቸውን ይዘው ገቡ።

ውጤቱን የጠበቅሁባቸው ሦስት ቀኖች ረጅም ነበሩ። ግን የመጀመሪያው ጠዋት ላይ አንድ ነገር ሆነ። አሥራ ሁለት ሰዓት ኩባያውን ይዤ ቆምኩ። በሁዳዴ ውሃ ልጠጣ፤ ኩባያውን መልሼ አስቀመጥኩት። ያኔ ግድግዳው ሦስት ጊዜ ተንኳኳ።

«ዋጥሽ?» አለች ዘሀራ።

አማተብኩ፣ ሦስቱን እንክብል ዋጥኩ፣ ውሃውን እስከ መጨረሻ ጠጣሁ። «ዋጥኩ» አልኳት። ከዚያ ግድግዳውን መልሼ አንኳኳሁ። «አንቺስ?»

«ቁርሴን ይዣለሁ። ዋጥኩ አልሐምዱሊላህ።»

ያን ቀን ገንፎዋን በር ከፍታ በላች። የሚጠይቃት ቢመጣ ሐኪሙንም ሼኹንም ልትጠራ ተዘጋጅታ ነበር፤ የጠየቃት ግን የለም። የመጣችው አንዲት ደንበኛ ብቻ ናት፣ እሷም ቀስ ብላ፣ «እኔም ስኳር አለብኝ» አለቻት።

ውጤቱ ንጹሕ ነበር። ተሕዋሲው መድኃኒቱን አልለመደም። ሲስተር ሐያት ስትነግረኝ ልስማት ተነሣሁ፤ «ማስክ፣ ማስክ» እያለች ሳቀች። ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው።

ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አልዘለልኩም። ኢድ መጣ፤ ዘሀራ እኔ የሰፋሁትን አዲስ ጅልባብ ለብሳ ወጣች። ፋሲካ መጣ፤ ማርታ መጣች፣ የበላይ እህትም ቤቴ ገብታ ከአንድ ሳሕን በላች። በሰኔ መጨረሻ ያጎደልኩትን ቀን ሁሉ ተክቼ ጨረስኩ። የመጨረሻው ምርመራ ንጹሕ መሆኑን ሰምቼ ስመለስ ዘሀራ ደጇ ላይ ቆማ ነበር። ፊቴን አይታ፣ ሳልናገር እልል አለች። በላይ ሚኒባሱን መንገድ ዳር አቁሞ ከነተሳፋሪዎቹ ወረደ። ተሳፋሪዎቹ ምን እንደሆነ ሳያውቁ አጨበጨቡ።

በማግስቱ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ግድግዳው ተንኳኳ።

«ዋጥሽ?» አለች፣ ከልማድ።

«እትዬ ዘሀራ፣ እኔ እኮ ጨረስኩ።»

የኔ ስድስት ወር ነበር፤ የሷ ማለቂያ የለውም። ብቻዋን ከኪኒኗ ጋር ቆማ ታየችኝ። ተነሥቼ ኩባያዬን ውሃ ሞላሁ፤ አማተብኩ፤ ግድግዳውን አንኳኳሁ።

«ይዣለሁ» አልኳት። «በይ አብረን።»

ይኸው እስከ ዛሬ እንዲሁ ነው። በየጠዋቱ እሷ ኪኒኗን፣ እኔ ባዶውን ውሃ እንጠጣለን። ጾም ሲሆን ኩባያዬን አንሥቼ ሳልጠጣ መልሼ አስቀምጣለሁ፤ እሷ መዋጧን ሳልሰማ ግን ከግድግዳው አልለቅም። አቡነ ዘበሰማያት የምጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።